የለጠጥኩሽ እኔ ነኝ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለእህቴ፣ ለዝናብና ለፀሐይ አለቃ፣

እንዴት ነሽ እታለም? ከእማዬ በቀር ሁላችን ደህና ነን፤ «ሁላችን» ማለት እኔ ነኝ። እሷን ያሳመምኳትም እኔው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና ድምፅሽን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች።

ማታ ማታ በቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ልትነግሪን ብቅ ስትዪ፣ እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትቀመጣለች። እኔ ከጎማ ጥገናው ጠቁሬ ስገባ፣ «ዞር በል፣ ጋረድከኝ!» አንቺ ሦስት ደቂቃ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ አለሁ፤ የምትታዪው ግን አንቺ። ቀናሁ፣ ምን ልዋሽሽ?

ከሦስት ሳምንት በፊት ሪሞቱን አንስቼ ምስሉን ወደ ጎን ለጠጥኩት። ቁም ሳጥን አከልሽ! እማዬ ትደነግጣለች ብዬ ሳቄን አፍኜ ብጠብቅ፣ «ተመስገን! ልጄ ተመቻት!» ብላ እልል አለች። በማግስቱ ጨርቅ ገዝታ፣ ያንን ሜትር የማይፈልግ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ቀሚስ ቆረጠችልሽ። ትናንት ጨረሰችው። እኔና አንቺ አንድ ላይ ብንገባበት ለጎረቤት ቦታ ይተርፋል።

አንጀቴ አልቻለም፤ ማታውኑ ምስሉን ወደ ልኩ መለስኩት። ብቅ ስትዪ እማዬ ጮኸች፤ «በአንድ ቀን! ልጄን ምን ነካብኝ?» ቀርባ ልታይሽ ስትል፣ ያ የሳሙና ማስታወቂያ ከታች ተነስቶ እስከ አገጭሽ ዋጠሽ፤ ቀጥሎ ቴምብር አሳክሎ ጥግ ላይ ወሸቀሽ። በሻሿ ስክሪኑን እየፈተገች፣ «ይሄን ሳሙና ከልጄ ላይ አንሱልኝ!»

«እማዬ፣ ሪሞቱ ነው። እኔ ነኝ የለጠጥኳት።»

«ዝም በል፣ አንተ ቀጣፊ! በእህትህ በሽታ ትቀልዳለህ?»

ስቀጥፍ ኖሬ እውነቱን ስናገር ሰሚ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አርብ አንቺ ጋ ልትመጣ ቲኬት ቆርጣለች፣ በዚያ ጉልበቷ ሙሉ ቀን አውቶቡስ! ይሄን ወረቀት ነገ ጠዋት በሚወጣው የአውቶቡስ ሹፌር እልክልሻለሁ። እንደደረሰሽ ደውዪላት። «እኔ ድሮም ቀጭን ነኝ፣ የወፈረው ቴሌቪዥኑ ነው» በያት። አንቺን ታምናለች። ደግሞ ዓይኔ ከዳኝ ብላ እንዳታዝን፤ ዓይኗስ ያየውን በትክክል ነው የለካው። ጥፋቱን እኔ ላይ ከምሪው።

እግረ መንገድሽን፣ ሱሪዬ ከቁርጭምጭሚቴ ከሸሸ ዓመት እንዳለፈው ጣል አድርጊላት። እዚሁ ፊቷ፣ ማንም ሳይለጥጠኝ፣ ማስታወቂያ ሳይጋርደኝ አድጌያለሁ። ካንቺ አፍ ከሰማችው ምናልባት ቀና ብላ ታየኛለች።

ፀሐዩም ዝናቡም ይታዘዝልሽ፣ ከሳሙናው ይሰውርሽ።

ያንቺው ቀጣፊ