ስለ ተገነጠለው የአለምነሽ በር

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጤና ኃላፊ አቶ ዋሲሁን፣

ጤና ይብዛልዎ፣ ክንድዎም ይበርታ፤ መበርታቱን ባለፈው ሳምንት በመንደራችን አይተናል።

እኔ ከአሞራ ገደል ወደ ላይ ባለው መንደር የምኖር፣ ግራ እግሬ በልጅነት ልምሻ የሰለለ አሮጊት ነኝ። የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ከክትባት ሰጪዋ ከሩሀማ ጋር እዞራለሁ፤ ጠብታው ሴት ልጅን ያመክናል የሚል ወሬ የሰማች እናት ስታመነታ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ እግሬን አሳያታለሁ። ጎረቤቴ አለምነሽ ግን «እማማ፣ ባለቤቴ ይምጣና እንመካከር፤ ነገ ተመለሱ» አለችን። እርስዎ መጠበቁን ስላልወደዱት ይህን ምስጋና ለማቅረብ ተገደድሁ።

1. በማግስቱ ከእኛ ቀድመው ሚሊሺያዎችን ስለላኩልን እናመሰግናለን። የቆርቆሮውን በር በእርግጫ ገንጥለው አለምነሽን አፏን በቆመጥ መቷት፤ የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። አንዱ ደረቷ ላይ ተንበርክኮ ሲይዛት፣ ሌላው የሕፃኗን መንጋጋ ፈልቅቆ ጠብታውን አንቆረቆረባት። ሕፃኗ ከከንፈሯ ደም ጋር መልሳ ተፋችው። እነርሱ ግን የተከተበ ልጅ የሚለይበትን ቀለም ትንሿ ጣቷ ላይ ቀብተው ሄዱ።

2. ሩሀማ ይህን ሳትሰማ በቀጠሮዋ ስትመጣ፣ ልጆቻቸውን በእጇ ያስከተቡ ሰዎች «ዱላውን የመራሽብን አንቺ ነሽ!» እያሉ በድንጋይ ወገሯት። ቅንድቧ ተተርትሮ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለችና፣ ለእርስዎ የሚገባውን ድንጋይ ስለተቀበለችልዎ ጎራ ብለው ቢያመሰግኗት ደግ ነው።

3. እናቶቻችን ቀለም ያለበትን ልጅ ቆመጥ እንደማይነካው ከሰዎችዎ ተምረዋል። አሁን የልጆቻቸውን ጣት ራሳቸው በእስክሪብቶ ያቀልማሉ። በመንደራችን ያልቀለመ ጣት የለም፤ ጠብታውን የቀመሰውን ግን እግዚአብሔር ይወቀው። ለስብሰባዎ የሚሆን ግሩም ውጤት ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ያለ ሚሊሺያ፣ በእግርዎ ይምጡና መንደርተኛው ሁሉ እያየ አለምነሽን ይቅርታ ይጠይቁ፤ የገነጠሉትንም በር በገዛ እጅዎ ይግጠሙ። ያን ካላደረጉ ለማንኛችንም በር የሚከፍት የለም። ጠብታውን የተፋችው ሕፃን ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረችው በዚህ ሳምንት ነው።

ሰላምታዬን ከቆመጥዎ ርቄ በታላቅ አክብሮት የማቀርብልዎ፣

አባይነሽ
ሀዋሳ

ማስታወሻ፦ ዘመቻው በተጀመረ ዕለት የእርስዎንም በር አንኳኩተን ነበር። ዘበኛዎ «ጌታዬ ‹ልጄን የማላውቀው ሰው እንዳይነካብኝ› ብለዋል» ብሎ መለሰን። እኛም አመስግነን ሄድን። ልጅዎ እስከ ዛሬ አልተከተበም።