ወራጅ አለ፣ ሞምባሳ ላይ

ኡርጂዬ፣ ካርዱ ላይ የምታዪው ሰማያዊ ነገር የሞምባሳ ባሕር ነው፤ በፎቶ ሲታይ ጨዋ ይመስላል።

ትናንት የአፍሪካ የባሕር ንግድ ጠበቆች ማኅበራችን ምርጫውን ጀልባ ላይ አደረገው። ወንበሩን እንደ አባት ርስት የያዙት ሊቀመንበራችን እኔ መወዳደሬን ሲሰሙ፣ "ባሕር የሌላት አገር ልጅ የባሕር ሰዎችን ልትመራ?" ብለው አሳቁብኝ።

መልስ ልሰጥ ማይኩን ይዤ ስነሳ ማዕበሉ ጀልባዋን አነሳት፤ ሆዴም አብሮ ተነሳ። የየካ አባዶ ታክሲ ቁልቁለቱን ሲበር እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ንግግሬ ሁሉ ጠፍቶኝ፣ በአማርኛ፣ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ።

አጠገቤ የነበሩት ጋናዊት ዳኛ "ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

"የሚወርድ ሰው አለ ማለት ነው" አልኳቸው። እሳቸውም ለሁሉም ተረጎሙት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሊቀመንበሩን አየና ጭብጨባው ቀለጠ።

ተመረጥኩ! አሁንም የብስ ላይ ሆኜ እየተወዛወዝኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌን ታገሺው። ቦታ አለቀብኝ፣ እማዬን ሳሚልኝ። ለታክሲያችን ሹፌር ለጋሮማም ንገሪው፤ እሱ ስንቴ "ወራጅ!" ስለው እንዳልሰማ ሆኖ አሳልፎኛል፣ እዚህ አንዴ ብጮህ አፍሪካ ሰማኝ።

ያንቺዋ ወንጌል