እማዬ ያወቀችሽ እሁድ

ሞክፖ፣ የካቲት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የባሕር አረሙን አጭዳችሁ ጨረሳችሁ? ድምፅሽን የዘጋው ጉንፋንስ ለቀቀሽ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

“እማዬ በምን ታመመች?” ብለሽ በደወልሽ ጊዜ ስልኩን የዘጋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም፤ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ማዕበሉ አላሻግር ብሎሽ ከቀብሯ ቀርተሻልና፣ የሆነውን ልንገርሽ።

ያን እሁድ ታስታውሺዋለሽ። እማዬ የተኛችበት፣ እኔም የምሠራበት የአረጋውያን ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኢንፍሉዌንዛ ስለገባ፣ ወደ እኛ ፎቅም ጠያቂ ተከልክሎ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አንቺ ግን ያን ሁሉ ሰዓት በጀልባ ተንገላተሽ፣ የገንፎውን ዕቃ በፎጣ ጠቅልለሽ ደጅ ቆመሽ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሻትም! በልብስ ማጠቢያው በኩል አስገባሁሽ፤ መዝገብ ላይም አላስፈረምኩሽም።

እማዬ አላወቀችሽም። “ዶክተር፣ ዛሬስ መርፌ ይቅርብኝ” ብላ እጇን ደበቀችብሽ። አጠገቧ የተኙት ምላሰኛዋ እማማ ማልሱን፣ “ደሴት ያለችው ልጅሽ ዓሣ ሆና ቀርታለች፤ ምን ልታደርግ ትመጣለች?” እያሉ ሲያሾፉባት ነበር የከረሙት። ዓይንሽ እንባ ሲሞላ “ማስኩን ዝቅ አድርጊው” አልኩሽ። እኔ ነኝ ያልኩሽ፤ ይህን ልብ በዪ። ፊትሽን በሁለት እጇ ዳሰሰችና በልጅነት ስምሽ ጠራችሽ። የገንፎውን ሙቀት በከንፈርሽ እየለካሽ አጎረስሻት፤ ለወራት ምግብ እንቢ ያለችው ሴትዮ ዕቃውን ጠርጋ በላች።

ረቡዕ እማዬን ተኮሳት። ሐሙስ እማማ ማልሱን፣ ዓርብ መስኮት ሥር የሚተኙት ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ። ጓንትና ጋውን በየአልጋው እየቀየርን፣ እጃችን እስኪላጥ እየታጠብን ሮጥን፤ አልተቀደመም። እማማ ማልሱን ተረፉ። ልብስ ሰፊዋ ሞቱ፤ በማግስቱ እማዬ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አስከሬኑን ሊወስድ ሲመጣ ኮሪደር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ “እናቴን ስላስታመምሽልኝ አመሰግናለሁ” አለኝ። እታለም፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ በሽታው ወደ እኛ ፎቅ በየት እንደገባ የምታጣራው ወይዘሮ ታክ መጣች። ከውጭ የገባ ሰው ነበር ወይ አለችኝ። ማንም አልገባም፤ እኔ ነኝ እያተኮሰኝ ደብቄ ሥራ የገባሁት አልኳት። የሠራተኞቹን የሙቀት መዝገብ ገልጣ፣ “በየማለዳው ሠላሳ ስድስት ተኩል ብሎ የሞላው ማን ነው ታዲያ?” አለችኝ። ዋሽቼ ነው የሞላሁት አልኳት።  “ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተሽ? ለአዲሶቹ እጅ መታጠብ የምታስተምሪው አንቺ?” አለችና አቀርቅራ ጻፈች። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግጄ ቤት ነኝ።

እማዬ ኦክስጅን ተደርጎላት እንኳ ለገባው ሁሉ “ትልቋ ልጄ አጉርሳኝ ሄደች” ትል ነበር። ነርሶቹ ሲጠይቁኝ፣ አርጅታለች፣ ሕልሟን ነው የምታወራው አልኳቸው። የመጨረሻ ደስታዋን ሕልም ነው ማለት ከሁሉም በላይ ከበደኝ።

ስለዚህ ማንም ቢጠይቅሽ፣ በዚያ ወር ከደሴቱ አልወጣሽም። ደግሞ እባክሽ ከእሁድ እስከ ረቡዕ ያለውን ቀን አትቁጠሪ። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ አልቋል።

ባሕሩ ይረጋላችሁ። ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ለእኔም አንቺን ያቆይልኝ።

ታናሽ እህትሽ