የጨመርኩልሽ ሦስት ዓመት

ውድ ወለተ ኢየሱስ፤

«ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ይከፈታል» አለ አንድ ሰው፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ሞላሌ ገበያ ጨው እየተመዘነለት። ለእኔ አልነበረም የነገረው፤ ለማን እንደነገረውም አላየሁም። የትምህርት ባለሙያም አይመስልም ነበር። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከባለሙያ የሰማሁት ሁሉ ስላልሠራልኝ ጨው ገዢውን አመንኩት። በዚያው እግሬ ደብተርና እስኪርቢቶ ገዛሁ፤ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ዝናቡን እየተሻማሁ እናንተ ቤት ደረስኩ። በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ።

እህቴ፣ እናትሽ፣ ፌስታሉን አየችና «ወንድምዓለም፣ ማን ነግሮህ ነው?» አለች።

«ገበያ ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ጨው ከሚገዛ ሰው።»

«እንግዲያ እውነት ነው» አለች ሸዋረጋ። «ውሸታም ጨው ሲገዛ አያወራም፤ ሚዛኑን ነው የሚያይ።»

እንዲህ ተጀመረ። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ የምታውቂውን ላስታውስሽ አይደለም። የሠርግሽ ዕለት ጠዋት አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ያን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ግን መልሱን ከመስጠቴ በፊት ሒሳቡን ከነአሠራሩ ማሳየት ይቀናኛል፤ ታገሺኝ።

ያን ሰሞን ቤታችሁ እንዴት ደስ ይል እንደነበር። ሹራቡ ትዝ ይልሻል? ትምህርት ቤቱ በተኩሱ ምክንያት በተዘጋበት ዓመት ለአንቺ የተገዛው ሰማያዊ ሹራብ። አንድ ቀን ክፍል ሳይገባ ጠበበሽ። ለወንድምሽ ለወሰኔ ተላለፈ፤ እሱም ክፍል ሳያስገባው አደገበት። ዘንድሮ ታናሽ እህትሽ አመተሥላሴ ለብሳው ስትወጣ እጅጌው እስከ ጣቷ ጫፍ ደረሰ፤ እናትሽም «ለከርሞ ይሆናታል» አለች። ሦስት ባለቤት የቀያየረ፣ ጥቁር ሰሌዳ ግን አይቶ የማያውቅ ሹራብ ነበር። አባትሽም ከባና ትራፊ የሰፋላችሁን ቦርሳዎች ከቆጥ አወረደ። አፈወርቅ ባና ሲሸምን አይታማም፤ የቦርሳዎቹ ችግር ዝናብ ሲነካቸው በግ በግ መሽተታቸው ብቻ ነው። ወሰኔ ግን ከመንዝ ልጅ ሌላ ምን እንዲሸት ትፈልጋላችሁ ብሎ አሳቀን።

ደብተራችሁን የለበድነው በእኔ የዓመት ዕቅድ ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በየነሐሴው ዕቅድ አውጥቻለሁ፤ አውጣ የሚል አልጠፋም፣ የሚማር ነው የጠፋ። ወረቀቱ ወፍራምና ንጹሕ ስለነበር ለልባስ ጥሩ ሆነ። አንቺ መቀሱን ይዘሽ ጮክ ብለሽ አነበብሽው።

«ጋሼ፣ ‹በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ተማሪው ቀላል እኩልነቶችን መፍታት ይችላል› ይላል።»

«ይችላል።»

«የትኛው ተማሪ?»

«ዕቅድ ስም አይጠራም» አልኩሽ።

የጥናት ፕሮግራምም አወጣሁላችሁ። ከምንጭ መልስ አንድ ሰዓት ሒሳብ፣ ከብት ከገባ በኋላ ንባብ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ክለሳ። ወሰኔ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ «እረፍቱ የታለ?» አለ። «ሦስት ዓመት አረፍክ» አልኩት። አንቺ አልሳቅሽም። የስምንተኛ ክፍልን ደብተር ጭንሽ ላይ አድርገሽ ልባሱን በመዳፍሽ ስትዳብሺው ነበር። «ሰባተኛን እንኳ ረስቼው ቢሆንስ?» አልሽ፤ እኔም የረሳሽውን እኔ አስታውሳለሁ ብዬ መለስኩልሽ። እንደ አጎት ተናገርኩ እንጂ እንደ አስተማሪ አላሰብኩም።

ያን ዕለት ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። ግን ሁሉን በጊዜው ማዘጋጀት የሚባል አመል አለብኝ። ከመውጣቴ በፊት እናትሽን «ለምዝገባ ካርዳቸው ይጠየቃል፤ ዛሬውኑ ከሣጥን አውጪው» አልኳት። ሸዋረጋ በጨርቅ የተጠቀለሉትን ካርዶች አወጣች። የአንቺን የሰባተኛ ክፍል ካርድ አባትሽ ተቀበላት። ደረጃሽን ያያል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሁለተኛ ነበርሽ። እሱ ግን ጣቱን ከስምሽ ጎን ካለው ቁጥር ላይ አሳረፈና ቆየ።

«ዕድሜ፣ አሥራ አራት» አለ። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። «አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት።» አራት ጣቶቹን እያየ «ለካስ ሞልታለች» አለ።

«ወረቀት ነው፣ አፈወርቅ» አልኩት።

«አንተው የጻፍከው ወረቀት አይደል?»

ካርዱን ወደ ጨርቁ አልመለሰውም፤ ኪሱ ከተተው። አባትሽ ዕድሜሽን አያውቅም አልልም፤ በረዶው የሰኔ ሚካኤል ዕለት ገብሱን በጨረሰበት ዓመት መወለድሽን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን ሦስት ዓመት ልጁ ቤት ስትቀመጥ በየዕለቱ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው። መንገዱን ይፈራል፤ የሰው ዓይን ይፈራል፤ ጠመንጃ የያዘውን ሁሉ ይፈራል። የሚያውቀውን የሚያስረሳው ማህተም ያለበት ወረቀት ሲያገኝ እንዳረፈ ፊቱ ላይ አየሁ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ በሩፋኤል፣ አንቺን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሎች ከዘመሮ መጡ። ሦስት ነበሩ። እንደ ልማዱ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው በራፉ ላይ ቆሙ፤ ዝናቡ ግን ልማድ ስለማያውቅ ቶሎ አስገባቸው። አንቺ ከጓዳ ሆነሽ ምን ያህሉን እንደሰማሽ አላውቅም፤ ስለዚህ እነግርሻለሁ።

የሚናገሩት ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ነበሩ፤ የሙሽራው ታላቅ አጎት። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ፤ ዘር ቆጠሩ፤ በሰባት ቤት አለመገናኘታችሁን አረጋገጡ። እኔ ከመደቡ ጥግ ሆኜ «ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሕግ አይፈቅድም» አልኩ። ድምፄ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ዞር ብለው አዩኝ። «መምህር፣ እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። ለዚሁ ብለን ነው ወረቀት የጠየቅነው።» ካርዱን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። አባትሽ ቀድሞ ሰጥቷቸዋል። «እዚህ የተጻፈውን ቀበሌውም አይቶታል። የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ማህተሙስ?»

«የትምህርት ቤቱ።»

እናትሽ ከምድጃው በኩል «ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ በረዶው በወደቀበት ዓመት ነው» አለች።

«እናት ታስታውሳለች፣ እሜቴ» አሏት ሽማግሌው፣ ለስለስ ብለው። «ወረቀት ግን አይረሳም።» ቀጥለውም ወደ አባትሽ ዞረው «ነገሩ ትምህርት ሳይከፈት ቢያልቅ ይሻላል፤ ከተከፈተ ጠያቂው ይበዛል» አሉ።

ቀጥሎ መናገር የነበረብኝ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «ሦስት ዓመት ጨምሬያለሁ»። ከሒሳቡ ጎን በአማርኛ ትምህርትም ሃያ ስድስት ዓመት ዓረፍተ ነገር ሳሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሦስቱ ቃላት አፌ ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት እንደቀረኝ አስታወስኩ። መዝገብ ያበላሸ መምህር ምን እንደሚባል አሰብኩ። ከዚያ የቀረበልኝን ጠላ ጠጣሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ደረስኩ። ሠርግ የጥርና የሚያዝያ ነው፤ የአንቺ ግን በመስከረም ጭቃ ሆነ። ያን እሑድ ጠዋት ሊያስውቡሽ ከሚጣደፉት ሴቶች መሐል ጠራሽኝ። አላለቀስሽም። «ጋሼ፣ ዕድሜዬን የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉ። እውነት ነው?» አልሽ። እኔም «ዝናቡ ዛሬ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው» አልኩሽ። ከዚያ ደብተሮቹን ለወሰኔ እንድሰጥ ነግረሽኝ ጀርባሽን ሰጠሽኝ።

አዎ፣ እውነት ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት፣ በምዝገባ ጊዜ፣ አምስት ዓመትሽ ነበር። የጎረቤት ልጆችን ተከትለሽ በጭቃ መጣሽና ከሰልፉ መጨረሻ ቆምሽ። መለኪያችን ያው የታወቀው ነው፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል። ያንቺ እጅ አናትሽ መሐል ላይ ቀረ። ተመለሽ ብዬሽ ነበር። አልተመለስሽም። ጣቶችሽን እየሳብሽ ትታገዪ ጀመር፤ ፊትሽ ቀላ፤ ምላስሽን በጥርስሽ ነከስሽ። ይኼኔ እጄን ሰድጄ አንገትሽን ዘንበል አደረግኩልሽ። ነካሽው።

ሰባት ብዬ ብጽፍ ይበቃ ነበር ትይኛለሽ። በዚያ ዓመት ግን አንደኛ ክፍል ስለሞላ ስምንት ያልሞላው ሁሉ ዜሮ ክፍል ይግባ ተብሎ ነበር፤ ዜሮ ክፍል ደግሞ መምህሩም፣ ወንበሩም፣ መጽሐፉም እንደ ስሙ ነበር። ስለዚህ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ ሲጨመርበት ውሸቱ ካንቺ ጋር ክፍል እየተዛወረ ሰባተኛ ደረሰ። ተንኮል አልነበረበትም። ለአንቺ ያደረግኩት ትልቁ በጎ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሲሰበሰብ በኩራት ሳወራውም ኖሬአለሁ። በሩፋኤል ዕለት ግን አላወራሁትም።

ሠርግሽ እሑድ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱ ሰኞ ተከፈተ። ጨው ገዢው ትክክል ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እኔ ነኝ የምጠራው። ስምሽን አልሰረዝኩም። በየጠዋቱ እጠራዋለሁ፤ ዝም ይላል፤ መዝገቡ ላይ «በፈቃድ» እያልኩ እሞላለሁ። ይኸው ደግሞ ሌላ ውሸት ጻፍኩልሽ። ደብተሮችሽንም ለወሰኔ አልሰጠሁትም፤ የእሱ ይበቃዋል። እኔ ዘንድ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ወረዳ ድረስ ሄጄ ወይዘሮ ጌታነሽ የሚባሉ ሠራተኛ አነጋገርኩ። የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተሉ ናቸው። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው ስላቸው ብዙ እንደሰሙ ሰው አዳመጡኝ።

«ወረቀቱ አሥራ ስምንት ይላል፣ መምህር።»

«ወረቀቱ ተሳስቷል።»

«ወረቀት ብቻውን አይሳሳትም። የጻፈው ሰው ራሱ ቀርቦ ዕድሜውን ጨምሬ ነው የጻፍኩት ብሎ በፊርማው ካረጋገጠ ለዓቃቤ ሕግ እናቀርባለን። ጋብቻው ይፈርሳል፤ ልጅቷ ትመለሳለች።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሰውየውን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል» አልኩ።

እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚቀበሉት ሰኞ ሰኞ እንደሆነ ነገሩኝ። ቤቴ ገብቼ ቃሌን ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ሞላ። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ስርዝ ድልዝ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። በረዶውን፣ የሰኔ ሚካኤልን፣ አንገትሽን ያዘነበልኩበትን እጅ ሁሉ አስገብቼበታለሁ። የቀረው ፊርማ ነው። እሱን እዚያው ወይዘሮ ጌታነሽ ፊት አኖራለሁ።

ወለቴ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ ከሥራ በኋላ ነው የሚመጣ። ብቻ እዚያ ስትቀመጪ፣ ለማንም ሳትናገሪ፣ የሰባተኛን ሒሳብ በልብሽ ከልሺው። ስምንተኛ ክፍል ገና ክለሳ ላይ ነን፤ ብዙ አላመለጠሽም። በመጪው ሰኞ እሄዳለሁ።

አጎትሽ መምህር አትናቴዎስ
ጥቅምት ሁለት ቀን፣ ሞላሌ

ይህን ከጻፍኩ ወዲህ ሰባት ሰኞ አልፏል።