ዓለም ጤና ማሳ ላይ ስለተረሳው የግራ ሞተር

ለአነስተኛ አውሮፕላኖች አደጋ አጣሪ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የኮሚቴዎን አባላት በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከአዳማ እመኛለሁ። እኔ እጅግ ደህና ነኝ። በሕይወት መኖሬ በሪፖርትዎ ውስጥ ስላልተጠቀሰ፣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ባለፈው መጋቢት በዓለም ጤና ከተማ አጠገብ በአቶ ሱፊያን የሽንኩርት ማሳ ላይ በሆዷ ካረፈችው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ተሳፋሪዎች አንዱ ነበርኩ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዳርቻ ከላይ አይቼ ለጋዜጣ እንድጽፍ ተጋብዤ በግራው መስኮት በኩል ተቀምጬ ሳለ፣ የግራው ሞተር ዘይቱን ተፋና ጨሰ። አብራሪዋ ካፒቴን ጂቱ ሞተሩን ወዲያው ዘጋችው። የቀረው አንድ ሞተር በዚያ የቀትር ሙቀት ከፍታችንን ሊጠብቅልን ስላልቻለ፣ አንዳችንም ሳንጎዳ ማሳው ላይ አሳረፈችን። እርስዎ የፈረሙበት ሪፖርት ግን «ምንም እንከን የሌለበትን ሞተር በስህተት ዘግታለች» ይላል። በዚህም ምክንያት የበረራ ፈቃዷ እንዲሰረዝ በመጪው ሐሙስ ይወሰናል። ከምስጋና ጋር የተቀላቀሉ ጥቂት ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. ቡድንዎ ማሳው ላይ ስላሳየው ጨዋነት ከልብ አመሰግናለሁ። በአገራችን ጨዋ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሰላም ይላል እንጂ ከኋላ አይመጣም። አባላትዎም ይህን ወግ አክብረው ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ከዚያም በራሳቸው ግራ እጅ በኩል ያገኙትን ሞተር «የግራው ይሄ ነው» ብለው አስፈቱና በአይሱዙ ጭነው ወሰዱት። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የእሱ ግራ የሌላው ቀኝ መሆኑን፣ በእድሜው አንድ ጊዜ እጅ የጨበጠ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

፪. ካፒቴን ጂቱ እዚያው ቆማ «ጌታዬ፣ የምትወስዱት እኮ ደህናውን ነው!» ብላ ነበር። የቡድኑ መሪ በአባታዊ ርኅራኄ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ደንግጠሻል፤ ውኃ ጠጪና አረፍ በይ» አሏት። እሷም በትሕትና ጠጣች። ሞተሩ ግን ውኃው ከተጠጣም በኋላ የቀኙ ነበር።

፫. ስለ ምርመራው ጥልቀት አድናቆቴ ወሰን የለውም። የታመመውን እቤት ትቶ አስታማሚውን ሐኪም ቤት ወስዶ መመርመር፣ «ፍጹም ጤነኛ ነው» የሚል ውጤት ሲገኝም በሽተኛውን አመመኝ በማለቱ መክሰስ፣ እስከ ዛሬ በሕክምናውም ዓለም አልተሞከረም።

፬. እኔን ለምስክርነት ስላልጠሩኝ አልቀየምኩም፤ ሥራ በዝቶብዎ ነው። ሆኖም በየሞተሩ ላይ መለያ ቁጥር ተቀርጿል፤ ከአውሮፕላኗ ሰነድ ጋር ማስተያየት ከአንድ ሻይ በላይ ጊዜ አይወስድም። የተረሳው ሞተር የፕሮፔለር ምላጮችም ካፒቴኗ ስትዘጋው እንዳዞረቻቸው ስለታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ዛሬም እዚያው አሉ፤ የዘጋችው የትኛውን ሞተር እንደሆነ ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ከሐሙስ በፊት አንድ ሰው ወደ ዓለም ጤና ልከው ያንን ሞተር እንዲያስከፍቱት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ጥፋቱ ያኔም የካፒቴኗ ሆኖ ከተገኘ፣ በምጽፍበት ጋዜጣ ላይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ፊርማዎም ወደፊት በትክክለኛው ሞተር ላይ እንዲያርፍ ዘወትር የምመኝ፣ ከሪፖርትዎ በስተቀር በሌላ ነገር ያልተጎዳሁ ተሳፋሪ፣

ዲበኩሉ ሰንበታ
አዳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከሞጆ የመጣ አንድ ቆራሌ ሞተሩን አይቶ የማን እንደሆነ ጠይቆ ነበር። የአቶ ሱፊያን ባለቤት ወይዘሮ ፈውዚያ «የኮሚቴው ነው፤ መጥተው ይወስዱታል» ቢሉት፣ «እንግዲያው ምን አስቸኮለኝ እናቴ! ለከርሞ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እሱ ይጠብቃል። ካፒቴን ጂቱ ግን ያላት እስከ ሐሙስ ነው።