ሁለተኛው ጉርሻ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

እታለሜ ውቢት፣

የጎንደር ነፋስ ሰላምታዬን ይዞ አሰብ ይውረድና ሙቀቱን ያብርድልሽ። እንደምን ከረምሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ሐኪሞቹ የቆሰለ ጨጓራዬን እኩሌታ ቆርጠው ካወጡልኝ ወዲህ ሕመሙ እንደ ጉም ተኗል። ሰውነቴም ቀሏል፤ ስራመድ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም። መቀነቴ ሁለቴ ይዞረኛል። አንዳንዴ ብቻ፣ ምነው ከነቁስሌ በቀረሁ እላለሁ፤ አትቆጪኝ።

ለፋሲካ ባለቤቴ አንዳርጋቸው «በሞቴ» ብሎ አጎረሰኝ። ሁለተኛውን ሲዘረጋልኝ ሆዴ እምቢ ስላለ አፌን በእጄ ሸፈንሁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ!» ብሎ ሳቀና ራሱ በላው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ በዝቶበት ራቱን ከቀበሌው ክበብ ይበላል። የክበቡ ወጥ ሸጋ ነው አሉ።

ትናንት በሕልሜ ኮላ ድባ እናታችን ቤት ነበርን። ጣና እስከ ደጃፋችን መጥቶ ዝም ብሎ ተኝቷል። አንቺ ታጎርሺኛለሽ፣ እኔ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እውጣለሁ።

ዛሬ ብቻዬን ከመሶቡ ቀረብሁ። አንድ ጎረስሁ። ጥቂት ቆይቼ ሁለተኛውን ሞከርሁት፤ ወረደልኝ! ያየልኝ ሰው ግን አልነበረም።

በይ እታለሜ፣ አምላክ በደህና ያገናኘን። አንዳርጋቸውም ሰላም ብሎሻል። ማለቴ፣ ሲመጣ ይልሻል።

እህትሽ ብርቄ