ለገዛ ድምፄ ፈቃድ ስለ መከልከሌ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን የድምፅና ምስል ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከመሳቢያው ወጥቶ ለማያውቀው ማኅተምዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከገበያው መግቢያ አጠገብ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። እየሰፋሁ የማወራቸውን የደንበኞቼን ወጎች በቪዲዮ ቀርጬ በድረ ገጻችሁ ላይ ከጫንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ዋናው ቅጂ ግን ከጠፋው ስልኬ ጋር አብሮ ሄዷል።

ባለፈው ወር ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር አባቴ የዓይን ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ሐኪሟ ለአሥራ አራት ቀን በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ወደ ታች እንዲያደርግ አዘዘችው። ቀና ካለ ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል። አባቴ ደግሞ ወሬ ካላገኘ አንድ ሰዓት አርፎ የማይተኛ ሰው ነው፤ የተኛበት ክፍልም ኔትወርክ አይደርሰውም። ስለዚህ የቪዲዮዬን ድምፅ ብቻ አውርጄ በትንሽ ማጫወቻ ላሰማው አሰብኩ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በስርቆሽ በር ገብቶ በደቂቃ የሚያወርድ ፕሮግራም እንዳለው ቢነግረኝም፣ ደንባችሁ በባለቤቱ ፈቃድ ለግል ማዳመጫ ማውረድ ይቻላል ስለሚል፣ ሕግ አክባሪ መሆን አማረኝና ወደ እርስዎ መጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

፩ኛ፦ ቅጹ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ለራሴ ጽፌ፣ ለራሴ ፈቅጄ፣ ራሴንም አመስግኜ አቀረብኩ። የጠያቂውና የፈቃጁ ፊርማ እጅግ መመሳሰሉን ደርሳችሁበት በሐሰተኛ ሰነድ ስለ ጠረጠራችሁኝ፣ ለንቃታችሁ አድናቆቴ ይድረሳችሁ።

፪ኛ፦ በአምስተኛው ቀን ጠያቂውና ባለቤቱ አብረው በአካል እንዲቀርቡ ታዘዘ። ቀረብን። ጸሐፊዎ ሁለት ወንበር አዘጋጅታ ስለ ጠበቀችን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በአንዱ ተቀምጬ ጠየቅሁ፣ ወደ ሌላው ተዛውሬ ፈቀድኩ። ሆኖም ሁለታችንም በአንድ መታወቂያ መጠቀማችን ስለ ተነቃብን፣ አብረን ወደ ቤት ተመለስን።

፫ኛ፦ በዘጠነኛው ቀን የደረሰኝ ደብዳቤ፣ የግል ማዳመጫ ማለት የጠያቂው ጆሮ እንጂ የአባቱ ጆሮ አለመሆኑን አስረዳኝ። ይህን ሳነብ ተናደድኩ፤ በትሕትና ልሸፍነው አልችልም።

እስከዚያው ግን ሱቄን ዘግቼ፣ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ ወደ ታች ከዞረው የአባቴ ፊት ትይዩ ወጎቹን በቃሌ ሳወራለት ነበር የሰነበትኩት። ፈቃዱ እስኪመጣ ብዬ የጀመርኩት አሥራ አራቱን ቀን ዘለቀ። ፋሻው ሲነሣ አባቴ አየ። መጀመሪያ ያየውም የኮቴ ቁልፍ መውለቁን ነው፤ ልብስ ሰፊ ልጅ ስላለው አፍሯል።

በሁለቱም ወንበሮች ላይ ተቀምጬ፣ ጠያቂም ፈቃጅም ሆኜ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ልብስ ሰፊው

(ፊርማዬ አሁንም ከራሴ ፊርማ ጋር ይመሳሰላል።)

ማስታወሻ፦ በተራ ቁጥር ፫ የጠቀስኩትን ደብዳቤዎን ከአልጋው ሥር ሆኜ ሳነብለት፣ አባቴ ሣቁ ቀና እንዳያደርገው ትራሱን ነክሶ ነው የተረፈው። ከወጎቼ ሁሉ እሱን ይመርጣል፤ ዛሬም በየቀኑ ያስነብበኛል፣ ጉሮሮዬም ደክሟል። ስለዚህ አንዴ በድምፄ ቀርጬ እንዳስቀምጥለት፣ የጽሑፉ ባለቤት እርስዎ ነዎትና ፈቃድዎን እለምናለሁ። በዚህኛው ጉዳይ ሁለት ሰዎች ስለሆንን ወንበሮቹ በከንቱ አይቀሩም።